ምስጥ የበላው እንጨትና የበሰበሰ እንጨት፦ በወረታና በፎገራ ሜዳ

የጭቃ ቤት ቋሚ ሲጎብጥ፣ የጎተራ እግር ሲከዳ፣ የማማ ርብራብ ከሥር ሲሰበር በተለምዶ የሚሰጠው ምክንያት አንድ ነው፦ «ምስጥ በላው»። እንጨትን ከመሬት አጠገብ የሚጨርሱት ግን ሁለት ናቸው። ምስጥ መንጋ ሠርቶ የሚኖር ነፍሳት ነው። ብስባሽ ደግሞ በዓይን ለማየት የሚያስቸግር የፈንገስ ክር እንጨቱን ከውስጥ ሲያሟሟው የሚመጣ ነው። አንዱን የሚያቆመው መፍትሔ ሌላውን አይነካውም። የበሰበሰ ቋሚ ላይ የምስጥ መርዝ የረጨ ሰው ገንዘቡንም ቤቱንም ያጣል፤ መለየቱ ከጥገናው መቅደም ያለበትም ለዚህ ነው።

ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ የደብረ ታቦርና የወልድያው መንገድ የሚገነጠለውም ከእርሷ ነው። ከከተማዋ በስተምዕራብ እስከ ጣና ዳርቻ የተዘረጋው ሜዳ የርብና የጉማራ ወንዞች ያመጡት ደለል ነው። ጥቁሩ ዋልካ አፈር ክረምት ላይ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ላይ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ውኃ ስለሚተኛበት ሩዝ ተስማምቶታል፤ የአገሪቱ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም የተቋቋመው እዚሁ ነው። በዚያው ምክንያት ጎርፍ አይለየውም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ወንዞቹ ሞልተው በፎገራና በአጎራባች ወረዳዎች ብዙ ሺሕ ሰው ከቤቱ ወጥቷል። ሩዙን የሚያበቅለው እርጥበት ለቤት ቋሚ ጠላት ነው።

ብስባሽ እንዲጀምር ፈንገሱ ውኃም አየርም ይፈልጋል። የእንጨት እርጥበት ከደረቅ ክብደቱ 20 በመቶ በታች ከሆነ ብስባሽ አይነሣም፤ እስከ 30 በመቶ ሲጠጋ ግን ፈንገሱ በደንብ ይበላል። አየር የማያገኝ፣ ሙሉ በሙሉ በውኃ የተዋጠ እንጨትም በቀላሉ አይበሰብስም። ስለዚህ የተነቀለ አሮጌ አጣና ብናይ ከጉድጓዱ ግርጌ ያለው ጫፍ አንዳንዴ ጤነኛ ነው፣ ከጣሪያው ሥር ያለውም ደረቅና ብርቱ ነው፤ የተበላው ከመሬት ገጽ ትንሽ ከፍና ዝቅ ብሎ ያለው ወገብ ነው። ውኃና አየር የሚገናኙት እዚያ ላይ ነውና። በፎገራ ግን ጎርፍ በመጣ ቁጥር የእርጥበቱ መሥመር ወደ ላይ ይወጣል፤ በጭቃ የተመረገ ግድግዳም ውኃውን እንደ ስፖንጅ ይዞ ያቆያል። ልስኑ ደርቆ ሲታይ ውስጥ ያለው ማገር ገና እርጥብ ሊሆን ይችላል።

«ደረቅ ብስባሽ» የሚለው ስም ብዙ ሰው ያሳስታል። በደረቅ እንጨት ላይ የሚነሣ ብስባሽ የለም፤ ስሙ የወጣው እንጨቱ ተበልቶ ካለቀ በኋላ ደርቆ በጣት ስለሚፈረፈር ነው። በአውሮፓ ቤቶች ስሙ የገነነው ሰርፑላ ላክሪማንስ የተባለ ፈንገስ ሲሆን፣ ከእርጥብ ቦታ ተነሥቶ በወፋፍራም ክሮቹ ግንብ ተሻግሮ ወደ ሌላ እንጨት ይዘምታል። እርሱ ቀዝቀዝ ያለ አየር ይወዳል፣ ከ20 እስከ 22 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን ያምርበታል። እኛ አገር «ደረቅ ብስባሽ» ሲባል በሰፊው ሊታሰብ የሚገባው ቡናማ ብስባሽ ነው። ይህ ሴሉሎሱን በልቶ ሊግኒኑን ይተወዋል። እንጨቱ ይጠቁራል፣ ይቀላል፣ በቁመትም በአግድምም ተሰነጣጥቆ እንደ ትናንሽ ኩብ ይከፋፈላል። ነጭ ብስባሽ ደግሞ ሊግኒኑንም ስለሚበላ እንጨቱ ነጣ ብሎ እንደ ባዘቶ ይላላል።

ምስጥ የሚተወው ምልክት ሌላ ነው። ሠራተኛው ምስጥ ዓይነ ስውርና ገላው ስስ ነው፤ ፀሐይና ነፋስ ያደርቁታል። ስለዚህ ከአፈር ወጥቶ ወደ እንጨት ሲሄድ በምራቁ ያቦካው ጭቃ ጣራ ሠርቶ በሥሩ ይጓዛል። በመሠረት ድንጋይ ወይም በግድግዳ ላይ እንደ ሥር የተዘረጋ የአፈር መተላለፊያ ከታየ ጥርጥር የለም። እንጨቱን ሲበላም ለስላሳውን ክፍል እየመረጠ ከቁመቱ ጋር ስለሚሄድ፣ ጠንካራው እንደ መጽሐፍ ቅጠል ተነጣጥሎ ይቀራል፤ ዋሻውንም በአፈር ይለስነዋል። ውጪው ግን ደህና ይመስላል። ክረምት መግቢያ ላይ ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ አሸን ወጥቶ በመስኮትና በመብራት ሥር ክንፉን አራግፎ ከሄደ፣ ኩይሳው ሩቅ አይደለም። ማክሮተርምስ የተባሉት ኩይሳ ሠሪዎች የበሉትን እንጨት በጎጇቸው ውስጥ ፈንገስ ያለሙበታል፤ ከኩይሳ ላይ የሚበቅለው የሚበላ እንጉዳይ ከዚያ የመጣ ነው።

ለመለየት የሚያስፈልገው ወስፌና መዶሻ ነው። በመዶሻ ሲመታ ከበሮ የሚመስል ድምፅ የሚሰጥ እንጨት ውስጡ ተቦርቡሯል፤ ደፈን ያለ፣ የሞተ ድምፅ የሚሰጥ እርጥበት ይዟል። ወስፌው ከመሬቱ ገጽ አጠገብ ሲወጋ ያለ ትግል ቢገባና ቁራጩ ሲነቀል እንደ ብስኩት አጭር ሆኖ ቢሰበር ብስባሽ ነው፤ ጤነኛ እንጨት ረጅም ስንጣሪ ያወጣል። ወስፌው ስስ ቅርፊት ሰብሮ ባዶ ውስጥ ከወደቀና አፈር ከወጣ ምስጥ ነው። እንደ ዱቄት የላመ ብናኝ ከጥቃቅን ክብ ቀዳዳዎች የሚረግፍ ከሆነ ግን ከሁለቱም አይደለም፣ የእንጨት ነቀዝ ነው። መተላለፊያውን ጥቂት ሰብሮ ከሁለት ቀን በኋላ መመለስም ጥሩ ነው፤ ተጠግኖ ከተገኘ መንጋው በሥራ ላይ ነው።

አስቸጋሪው ሁለቱ ሲደራረቡ ነው። ፈንገስ ያላላውን እንጨት ምስጥ በቀላሉ ያኝከዋል፤ ምስጥ የቆፈረው ዋሻም ውኃ ይዞ ፈንገስ ይጠራል። በዚህ ጊዜ የመጀመሪያው ማን እንደነበር የሚነግረን ቦታው ነው። ውኃ በሚተኛበት ዋልካ ላይ የቆመ ቤት መጀመሪያ በብስባሽ መጠርጠር አለበት፤ በሚያብጥና በሚሰነጠቅ አፈር ውስጥ ኩይሳ ማቆም ለምስጥም ከባድ ነው። ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ደብረ ታቦር አቅጣጫ ሽቅብ በሚሄደው ውኃ በማይቋጥር ተዳፋት ላይ ደግሞ ጥርጣሬው ወደ ምስጥ ያዘነብላል።

የእንጨቱም ዓይነት ይለያል። ወይራና የሐበሻ ጥድ ልባቸው ለሁለቱም አይበገርም፤ የጥንት ቤት ሠሪ ቋሚውን ከእነርሱ ማውጣቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። ዛሬ በእጅ ያለው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ነው፤ በለጋነቱ የተቆረጠ አጣና አብዛኛው ገላው ልብ ያልሠራ ስለሆነ መሬት ሲነካ ቶሎ ያልቃል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት ጥቂት ያዘገያል፣ ወደ ውስጥ ግን ጠልቆ አይገባም፤ እህል በሚቀመጥበት ጎተራ ላይ ደግሞ ጨርሶ መነካት የለበትም።

ብስባሽ የሚቆመው ውኃው ሲቆም ነው፦ ቦይ በመቅደድ፣ የጣሪያውን ክፈፍ በማስረዘምና ቋሚውን ከአፈር አንሥቶ ድንጋይ ላይ በማሳረፍ። የጣና ዙሪያ ክብ አብያተ ክርስቲያናት በድንጋይ መደብ ላይ መቆማቸው ለእንጨታቸው ዕድሜ ትልቅ እገዛ ነው። ለምስጥ ደግሞ ጭድና ማገዶን ከግድግዳ አርቆ መከመር ቀዳሚ ነው፤ ክምሩ መተላለፊያውን ከዓይን ይሰውራልና። በሁለቱም ጉዳት የተነቀለ ቋሚ ሲተካ ጉድጓዱ እስከ ንጹሕ አፈር ድረስ ይጠረጋል። በአሮጌው ፍርፋሪ ላይ የተተከለ አዲስ አጣና ፈንገሱንም ምስጡንም ተዘጋጅተው ያገኛቸዋል።