ከዋገምት እስከ ክኒን፦ ቁርጥማት በወረኢሉ ደጋ

በወረኢሉና በመካነ ሰላም ደጋ የወገብና የጉልበት ቁርጥማት ከእርሻ፣ ከሸክምና ከብርድ ጋር የኖረ ሕመም ነው። የቆየው ማስታገሻ ዋገምት ነበር፦ ቆዳው በምላጭ ጫር ጫር ይደረግና ቀንድ ይደፋበታል፤ በቀንዱ ጫፍ ቀዳዳ አየሩ በአፍ ሲሳብ ደም ይወርዳል። ለወለምታ ወጌሻ፣ ለሌላው ጠበል ወይም ዱዓ ነበር። ዋገምት የራሱ አደጋ አለው፤ ያልጸዳ ምላጭ ቁስል ያመረቅዛል፣ በሽታም ያስተላልፋል። ሱስ ግን አያስይዝም።

የማስታገሻ ክኒኖቹ ግን ዘግይተው የመጡ ናቸው። በ1888 ዓ.ም. የአፄ ምኒልክ ጦር ለዓድዋ ዘመቻ ወረኢሉ ላይ ሲከት አስፕሪን ገና ገበያ ላይ አልነበረም። የወጣው እ.ኤ.አ. በ1899 ነው። ሌላው ማስታገሻ ዲክሎፌናክ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው፤ ትራማዶልም እ.ኤ.አ. በ1977 ጀርመን ውስጥ ለገበያ ቀረበ።

ክኒን ሥቃዩን ያበርዳል እንጂ የተበላ መገጣጠሚያ አይመልስም፤ ስለዚህ የሳምንቱ መድኃኒት የዓመት ይሆናል። አስፕሪንና ዲክሎፌናክ የጨጓራን ሽፋን የሚጠብቀውን ፕሮስታግላንዲን የተባለ ንጥረ ነገር ይቀንሳሉ። በዚህ የሚፈጠረው የጨጓራ ቁስል አንዳንዴ ያለ አንዳች ሕመም ይደማል፤ ምልክቱ ሬንጅ የመሰለ ጥቁር ሰገራ ብቻ ሊሆን ይችላል። ዲክሎፌናክ ኩላሊትንም ይጎዳል፣ የደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል። ለጨጓራ የሚራራው ፓራሲታሞል በቀን ከ4 ግራም ሲያልፍ ጉበት ላይ ይዞራል። ትራማዶል ደግሞ ሰውነት ስለሚለምደው መጠኑ እየጨመረ ይሄዳል፤ በድንገት ሲቋረጥም ላብ፣ መቁነጥነጥና እንቅልፍ ማጣት ይከተላል።