ሮቦት፦ ከጌታ እርሻ እስከ ጆሃንስበርግ መስቀለኛ መንገድ

ጆሃንስበርግ ውስጥ፣ ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች በሚበዙበት በጄፒ፣ መንገድ የጠየቀ ሰው «ሮቦቱ ጋ ስትደርስ ወደ ግራ ታጠፍ» ይባላል። ሮቦት እዚያ የትራፊክ መብራት ነው። አፍሪካንስ ተናጋሪውም ሮቦት፣ ዙሉውም ኢሮቦቲ ይለዋል። እንግዳ ሰው የተበላሸ እንግሊዝኛ ይመስለዋል፤ የቃሉ ታሪክ ግን አጠራሩን የሚደግፍ ነው።

ቃሉን በዓለም ያሰራጨው የቼኩ ጸሐፌ ተውኔት ካሬል ቻፔክ ነው። «አር.ዩ.አር.» የተባለው ተውኔቱ እ.ኤ.አ. በ1920 ታትሞ በ1921 ፕራግ ላይ ታየ። ሰው ሠራሽ ሠራተኞቹን ከላቲኑ «ላቦር» በወጣ ስም ሊጠራቸው አስቦ ነበር፤ ስሙ ግን ከመጽሐፍ የተቀዳ መሰለበት። ሠዓሊው ወንድሙ ዮዜፍ ብሩሹን በአፉ እንደያዘ «ሮቦት» የሚለውን እንደሰጠው ካሬል ራሱ በ1933 ጋዜጣ ላይ ጽፏል።

ዮዜፍ ቃሉን ከባዶ አልፈጠረውም። በቼክኛ ሮቦታ ገበሬው በጌታው መሬት ላይ ያለ ክፍያ የሚሠራው የግዴታ ሥራ ነበር፤ የእኛ አገር ገባር ሁዳድ ያርስ እንደነበረው ማለት ነው። ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ በ1775 ለቼኮች ምድር ለቦሄሚያ ባወጣችው ደንብ በሳምንት ከሦስት ቀን እንዳይበልጥ ወሰነች፤ ጨርሶ የተሻረው በ1848 ነው። ፖላንዶችና ስሎቫኮች ዛሬ በተራ ንግግር ሥራን ሮቦታ ይላሉ፤ ሩሲያውያን ደግሞ ራቦታ። ቼኮች ግን ተራውን ሥራ ፕራትሴ ይሉታል፤ ሮቦታ የልፋትና የግዳጅ ስም ሆኖ ቀረ። በሰርብኛ ሮብ ባሪያ ነው። የቋንቋ ታሪክ አጥኚዎች የጀርመንኛውን አርባይት (ሥራ) እና የግሪክኛውን ኦርፋኖስ (ወላጅ አልባ) ከዚሁ ሥር ያዛምዳሉ።

ይህ የሥራና የባርነት ዝምድና ለግዕዝ አንባቢ እንግዳ ሊሆን አይገባም። ገብረ ሠራ ነው፤ ገብር አገልጋይ፣ ባሪያ፤ ገባርም ከዚሁ ይወጣል። ሩሲያዊው ምእመን «ራብ ቦዢ» ሲባል ቃል በቃል ገብረ እግዚአብሔር መባሉ ነው። ሳይዛመዱ ሁለቱም ቋንቋዎች ሥራንና ባርነትን በአንድ ሥር ማሰራቸው፣ የጥንቱ ሥራ በአብዛኛው በማን ጫንቃ ላይ እንደነበር ይመሰክራል ብዬ አምናለሁ።

ተውኔቱ በ1923 ለንደን ከታየ በኋላ እንግሊዞች ራሱን ችሎ የሚሠራ መሣሪያን ሁሉ ሮቦት ማለት ጀመሩ፤ ከመስቀለኛ መንገድ ላይ ፖሊሱን የተካውን መብራትም ጭምር። ብሪታንያ ይህን አጠራር ጣለችው፤ ደቡብ አፍሪካ አቆየችው። ሰውን ተክቶ የሚሠራ የሚለው የቻፔክ ፍቺ ስላለበት፣ የጆሃንስበርጉ ሮቦት ተገቢ ቅርስ ነው። መብራት ሲጠፋማ ሥራው ወደ ሰው ይመለሳል፦ ሥራ አጥ ወጣቶች አስፋልቱ መሐል ቆመው መኪና ያስተናብራሉ፤ አሽከርካሪውም በመስኮት ሳንቲም ይሰጣቸዋል።

አዲስ አበባ «ትራፊክ» የሚለውን ቃል ለፖሊሱ ሰጥታለች፤ ጆሃንስበርግ ደግሞ እሱን ለተካው መብራት «ሮቦት» አለች። የጄፒው ነጋዴ ሁለቱንም በአማርኛው ይዟል፤ ስለዚህ «ሮቦት» የአማርኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ ሲገባ ይህ ፍቺው አብሮ ሊመዘገብ ይገባዋል።