ከብርዕ ወደ ቁልፍ፦ የፊደል ሙያተኛ በመኪና ዘመን

የሰው ልጅ የሥራ ታሪክ የመሣሪያው ታሪክ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። ይሁን እንጂ አዲስ መሣሪያ በተፈጠረ ቁጥር፣ ስንት እጅ ሥራ ፈታ ከሚለው ጥያቄ ጎን ለጎን፣ በዚያ እጅ ውስጥ የነበረው ዕውቀት ወዴት ሄደ ብሎ መጠየቅ ይገባል። ፊደላችን ከብራና ወደ እርሳስ፣ ከእርሳስም ወደ ኮምፒዩተር ያደረገው ጉዞ ለዚህ ጥያቄ ጉልህ ማስረጃ ነው።

በጥንቱ ቁም ጸሐፊ ዘንድ ብዙ ሙያዎች በአንድ ሰው ተዋሕደው ይገኙ ነበር። ቆዳውን ወጥሮና ፍቆ ብራና ያወጣል፤ ቀለሙን ይበጠብጣል፤ መቃውን ቀርጾ ብርዕ ያደርጋል፤ መስመሩን በወስፌ ያሰምራል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የተማረ ጸሐፊ የሚጽፈውን ያውቃል። «ሠዐለ» ሥዕል መሣልን፣ «ሰአለ» መለመንን፣ «ሰዐለ» ደግሞ የጉሮሮን ሳል እንደሚያመለክት ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ ስለ ተማረ፣ እጁ ለዕውቀቱ ይታዘዝ ነበር። ይህን ማንሣታችን ያለፈውን ዘመን ለማሞገስ አይደለም፤ አንድ መጽሐፍ ለመጻፍ ወራት ይፈጅ ስለ ነበር፣ ንባብ የጥቂቶች ሀብት ሆኖ ኖሯል።

ፊደላችን ከማተሚያ መኪና ጋር የተገናኘው ከአገሩ ርቆ ነው። በ1513 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ በሮም አሳተመ። ከዚያም በ1548 እና በ1549 እ.ኤ.አ. በዚያችው ከተማ ይኖሩ የነበሩት ኢትዮጵያዊው መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን ከረዳቶቻቸው ጋር ሐዲስ ኪዳንን አሳተሙ። መጽሐፉ ስለ ስሕተቶቹ አንባቢን ይቅርታ ሲጠይቅ ምክንያቱን አልሸሸገም፤ አታሚዎቹ ግዕዝ ማንበብ አይችሉም፣ ግዕዝ ዐዋቂዎቹም የማተሚያውን ጥበብ አልተማሩም ነበር። በቁም ጸሐፊው ዘንድ አንድ የነበሩት እጅና ዕውቀት በመኪናው ፊት ለሁለት ተከፈሉ። ከዚያ ወዲህ የመጣው ታሪክ ሁሉ እነዚህን ሁለቱን መልሶ የማገናኘት ትግል ነው ለማለት ይቻላል።

ይህ ትግል በአገራችን ሰፊ መልክ የያዘው ማተሚያ ቤቶች ሲስፋፉ፣ በተለይም ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ ነው። በዚህ ጊዜ ፊደል ለቃሚ የተባለ አዲስ ሠራተኛ ተወለደ። የላቲን ፊደል ለቃሚ ከ26 ፊደላት ዐቢይና ንዑስ ቅርጽ ሲመርጥ፣ የአማርኛው ለቃሚ ግን 33ቱ ፊደላት በ7 በ7 ሲባዙ የሚገኙትን 231 ቅርጾች፣ ከነዲቃሎቻቸውና ከነቁጥሮቻቸው፣ የየማኅደራቸውን ቦታ በቃል ማወቅ ነበረበት። የእርሳሱን ፊደል በግልባጩ እያነበበ ይደረድራል፤ ኅትመቱ ሲያበቃም አንድ በአንድ ወደየቦታው ይመልሳል። ሥራው ጤናን የሚጎዳ አድካሚ ሥራ ነበር። ቢሆንም ከለቃሚው ጀርባ አራሚው ቆሞ ነበር። መኪናው የከፈለውን እጅና ዕውቀት ያገናኘው የእነዚህ የሁለት ሠራተኞች ኅብረት ነው።

የጽሕፈት መኪናም የራሱን ፈተና አመጣ። የቁልፎቹ ቁጥር ከፊደላችን ብዛት ጋር ስለማይመጣጠን፣ በዚህ መስክ ፈር ቀዳጅ ከሆኑት አንዱ ኢንጂነር አያና ብሩና ሌሎችም ፊደሉን ከግንዱና ከቅጥያው እየከፋፈሉ መላ መፈለግ ግድ ሆነባቸው። ፊደሉ ይቀነስ፣ ቅርጹም ይለወጥ የሚለው ክርክር አንዱ ግፊት ከዚሁ የመነጨ ነው። መኪናው ለጽሕፈቱ በመገዛት ፈንታ፣ ጽሕፈቱ ለመኪናው እንዲገዛ ተጠየቀ ማለት ነው።

ይህን እንቅፋት ያስወገደው ኮምፒዩተር ነው። በመጀመሪያ እያንዳንዱ ሠሪ ለፊደሉ የየራሱን ቁጥር ስለ ሰጠ፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም ነበር። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው የዩኒኮድ 3ኛ እትም ለኢትዮጵያ ፊደል ዓለም አቀፍ ቦታ ከሰጠው ወዲህ ግን ይህ ችግር መፍትሔ አገኘ። የእርሳሱ ለቃሚ ሙያ ሲከስም፣ ማንም ሰው የራሱን ጽሑፍ ራሱ የሚለቅም ሆነ። ይህ ታላቅ ድል ነው። ነገር ግን ከለቃሚው ጋር አራሚውም በብዙ ቦታ እንደ ትርፍ ሰው ተቆጠረ። በድምፅ በሚሠራ የአጻጻፍ ዘዴ ቅርብ የሆነው ቁልፍ «ሰ»ን ሲሰጥ፣ «ሠ» ብዙውን ጊዜ ተጨማሪ ንክኪ ይጠይቃል። ሠዓሊውን ከለማኙ የሚለይ ዕውቀት ከጸሐፊው ዘንድ ከሌለ፣ መኪናው ለእጅ የቀለለውን ይጽፋል።

ዛሬ ደግሞ ራሳቸው ዐረፍተ ነገር የሚደረድሩ፣ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ የሚተረጉሙ መኪናዎች ደርሰዋል። እነዚህ መኪናዎች የሚማሩት ሰዎች ከጻፉት ነው፤ ስሕተታችንንም እንደ ዕውቀታችን አድርገው ይወርሱታል። ስለዚህ የሚፈለገው ሙያ አልጠፋም፣ ቦታውን ለወጠ እንጂ። ትናንት በጣት ፍጥነት የሚለካው ችሎታ ዛሬ በማመዛዘንና በማረም ይለካል። ለማረም ግን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ጽፎ የማያውቅ ሰው የተጻፈውን ሊያርም አይችልም።

እንግዲህ የመምህሩ፣ የደራሲውና የባህል ሠራተኛው ኃላፊነት ግልጽ ነው። መኪናውን መፍራትም ሆነ ማምለክ አይበጅም። ተማሪው ቁልፉን ከመንካቱ በፊት የቃሉን ሥር ይማር፤ ማተሚያ ቤቱና የዜና ማሰራጫው ለአራሚ የሚገባውን ወንበርና ደመወዝ ይስጡ፤ አዲሶቹን መኪናዎች የሚሠሩ ባለሙያዎችም ከቋንቋ ሊቃውንት ጋር በአንድ ገበታ ይቀመጡ። የሮም አታሚዎች ማንበብ ባይችሉ፣ ይቅርታ የሚጠይቁና የሚያርሙ ሊቃውንት በአጠገባቸው ነበሩ። የእኛ ትውልድ መኪናውን ይዞ ሊቃውንቱን ካጣ፣ ስሕተቱን የሚያይለት አይኖርም።