የቅድመ አያታችን መቃብር ፍለጋ



እንደሚታወቀው እድራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ለቀስተኛ ያስተናግዳል፣ አስከሬን ይሸኛል። መዝገባችንም የሟቹን ስም፣ የሞተበትን ቀንና ለቤተሰቡ የተከፈለውን ገንዘብ በሚገባ ይዟል። አንድ ነገር ግን ይጎድለዋል፤ ይኸውም ሟቹ የት እንደተቀበረ አይጽፍም። «ይኼንንማ ማን ይረሳዋል?» ትሉ ይሆናል። እኛም የቅድመ አያታችንን መቃብር ልንፈልግ እስክንነሣ ድረስ እንደዚያው እንል ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በአባታችን ለቅሶ ላይ ነው። አባታችን የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ በ1950ዎቹ ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ ሲዛወር ከደጋ ከወረዱት ወጣቶች አንዱ ነበሩ። በሣልስቱ ዕለት ከልጆቻችን አንዱ «የአባባ አባት የት ነው የተቀበሩት?» ብሎ ጠየቀ። ጨንቻ፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ አልነው። «የእሳቸውስ አባት?» አለ። እኛ ሁለት ወንድማማቾችና አንዲት እኅታችን እርስ በርስ ተያየን፤ መልስ ያለው ጠፋ። እንዴ! ሦስት ትውልድ ብቻ ቆጥረን መንገዱ አለቀብን ማለት ነው።

መቃብር ፍለጋ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። ከአየርላንድ ወደ አሜሪካና ወደ ሌላም አገር የተሰደዱ ሰዎች የልጅ ልጆች ዛሬም ወደ አያቶቻቸው ገጠር እየተመለሱ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሣሩን እየገለጡ በድንጋይ ላይ የተቀረጸ ስም ይፈልጋሉ። የጽሕፈት አገር ሰዎች ሆነው ለምን በድንጋይ ይቸገራሉ ቢባል፣ እ.ኤ.አ. በ1922 በእርስ በርስ ጦርነታቸው ጊዜ በደብሊን ከተማ የነበረው የመንግሥት መዛግብት ቤት ተቃጥሎ፣ የብዙ አጥቢያዎች የጥምቀት፣ የጋብቻና የቀብር መዝገብ ዐመድ ስለሆነ ነው። እንግዲህ ወረቀትም ይነዳል። በጋሞ ደጋ ደግሞ እንደ ብርብር ማርያም ባሉ ጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናት አካባቢ ካልሆነ በቀር፣ ከነጭራሹ ወረቀቱም ስም የተቀረጸበት ድንጋይም አልነበረም። የነበረው ዛፍና የሰው አፍ ነው።

የጋሞ መቃብር ዱፎ ይባላል። ዱፎ ብዙውን ጊዜ ያረጁ ዛፎች የቆሙበት ቦታ ሲሆን፣ ከዚያ ዛፍ መቁረጥ ጎሜ ነው። ጎሜ ማለት የአገሩን ሥርዓት መጣስ ነው፤ በቤተሰብ ላይ በሽታ፣ በአገር ላይ ድርቅ ያመጣል ተብሎ ይታመናል። ስለዚህ እርሻው እስከ ገደሉ አፍ ድረስ ሲገፋ ዱፎው ሳይነካ ይቆይ ነበር። ዛሬም በጋሞ ደጋ የቆየ አገር በቀል ዛፍ ማየት የሚፈልግ ሰው ወይ ወደ ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ወይ ወደ እንዲህ ያለው የተከበረ ቦታ ቢሄድ ይሻለዋል። እርግጥ የመሬት ጥበቱ፣ ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ በጥንቱ ልማድ ላይ የተካሄደው ዘመቻና የሃይማኖቱ መለወጥ ተደማምረው ብዙውን አሳስተውታል።

ታዲያ ድንጋዩ ስም ካልያዘ ማን ይይዛል? በጋሞ ባህል ይህን የሚይዘው ባይራ ነው። ባይራ ማለት የበኩር ልጅ ማለት ሲሆን፣ በጥንቱ ሥርዓት ስለ ቤተሰቡ ሆኖ ለአባቶች መሥዋዕት የሚያቀርበው እሱ ነው። ስለዚህ የአባቶቹን ነገር ማወቅ ግዴታው ነው።

ይህ ባይራ የሚለው ስም በዓለም ሁሉ የታወቀበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 ተመራማሪዎች፣ ሽማግሌዎች በመሯቸው መሠረት፣ በጋሞ ደጋ ሞታ ከተባለ ዋሻ ውስጥ የአንድ ሰው አፅም ከድንጋይ ክምር ሥር አገኙ። የአካባቢው ሰው ዋሻውን የሚያውቀው በጦርነት ጊዜ መሸሸጊያ እንደነበረ ነው። አፅሙ ግን 4,500 ዓመት ገደማ የሆነው ነው። ባይራ ብለው ሰየሙት። ከጆሮው ውስጥ ካለው ጠንካራ አጥንት በተወሰደ ናሙና፣ በአፍሪካ ምድር ከተገኘ ጥንታዊ አፅም ሙሉው የዘር ውርስ ሲነበብ ይህ የመጀመሪያው ሆነ። ከተመራማሪዎቹ መካከል የዚያችው የደብሊን ከተማ ዩኒቨርሲቲዎች ምሁራን ይገኙበት ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ታተመ። ዛሬ በሕይወት ካሉት ሕዝቦች ለባይራ በጣም ቀርበው የተገኙት በኦሞ በኩል ያሉት የአሪ ሰዎች ናቸው። በዚያው ጽሑፍ ላይ ከእስያና ከአውሮፓ በኩል ወደ አፍሪካ ስለተመለሰ የዘር ቅልቅል የተሰጠው አንድ ሰፊ ድምዳሜ በስሌት ስሕተት የመጣ መሆኑ ተደርሶበት፣ ምሁራኑ በማግሥቱ ዓመት ራሳቸው አርመውታል። ይህን ልብ በሉልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

የእኛ ፍለጋ የተጀመረው በዘመን ቆጠራ ነው። ከሽማግሌዎች ዓመተ ምሕረት የሚነግራችሁ አይገኝም፤ ምልክት ግን ይሰጣሉ። ከብቱ ያለቀበት ክፉ ቀን ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ነው። የምኒልክ ጦር ጋሞ የደረሰው በ1890 ዓ.ም. አካባቢ ነው። የኅዳር በሽታ በ1911 ዓ.ም.፣ የጣልያን መግባት ደግሞ በ1928 ዓ.ም. ነው። የአባታችን ታላቅ እኅት፣ ማለትም አክስታችን፣ «ከኅዳር በሽታ ተርፎ፣ ጣልያን ሳይገባ ሞተ» ሲባል ሰምተዋል። እንግዲህ ቅድመ አያታችን ያረፉት በ1911 እና በ1928 ዓ.ም. መካከል ነው ማለት ነው። መንደራቸውንም አክስታችን ነገሩን። የመንደሩን ስም እዚህ ያልጻፍነው በኋላ በምትረዱት ምክንያት ነው።

በጥር ወር፣ መንገዱ ሲደርቅ፣ ከሴቻ ተነሥተን በዶርዜ በኩል ወደ ላይ ወጣን። ከአርባ ምንጭ ጨንቻ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ነገር ግን ከ1,300 ሜትር ከፍታ ተነሥቶ ወደ 2,700 ሜትር መውጣት ስለሆነ ከቆላ ሙዝ ወደ ደጋ ቀርከሃና እንሰት በአንድ ጠዋት ይገባል። አባያና ጫሞ ከበስተኋላችን ቀርተው ጉም ተቀበለን። በመንደሩም ቆጮ በዳጣ ቀርቦልን፣ የመጣንበትን ጉዳይ ተናገርን። የታወቁ ባይራዎች ተጠርተው መጡ። ትልቁን ዱፎ አሳዩን። በእውነቱ የሚያስደንቅ ቦታ ነው፤ ጥዱ ሰማይ የነካ፣ ከሥሩ ቀን ጨለማ የሆነ።

ሁለት ቀን ሙሉ ጠየቅን። እያንዳንዱ ባይራ የራሱን አባቶች በጣቱ እያመለከተ ይቆጥራል፤ «ከዚህ ጥድ በስተ ምሥራቅ እገሌ፣ ከሥሩ ልጁ እገሌ» ይላል። የእኛ ሰው ስም ግን ከማንም አፍ አልወጣም። ስሙን ስናነሣ አንዳንዶቹ ጸጥ አሉ። እኛም መንደሩን ተሳስተን ይሆናል ብለን ልንመለስ ስንነሣ፣ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ከደጅ ጠርተው አስቀመጡን።

«ልጆቼ፣ የምትፈልጉት ሰው እዚያ የለም» አሉ። «የእናንተ ሰዎች ከወንዙ ማዶ ናቸው። ማና ናቸው። የአያታችሁ እናት የሠራችው እንስራ እናቴ ቤት ነበር።»

ይህን ለማያውቁት አባሎቻችን እናብራራ። በጥንቱ የጋሞ ሥርዓት ሕዝቡ በሦስት ይከፈል ነበር። ማላ የሚባሉት ባለ መሬትና አራሽ ሲሆኑ፣ በዱቡሻ ሸንጎ የሚቀመጡት፣ ሀላቃ ሆነው የሚሾሙትም እነሱ ናቸው። ማና ሸክላ ሠሪዎች፣ ደጋላ ደግሞ ቆዳ ፋቂዎችና ብረት ቀጥቃጮች ናቸው። ማላ ከማና ወይም ከደጋላ አይጋባም። በሕይወት ያልተቀላቀለ በሞትም አይቀላቀልም ተብሎ፣ የማናና የደጋላ መቃብር ለብቻው፣ ብዙውን ጊዜም ለእርሻ በማይሆን ጠርዝ ላይ ይደረግ ነበር። የሚገርመው ደግሞ ማላው ሲሞት በለቅሶው ላይ ከበሮ የሚመቱት፣ መለከት የሚነፉት እነዚሁ የእጅ ሙያ ያላቸው ሰዎች መሆናቸው ነው። ሌላውን በክብር ይሸኛሉ፤ እነሱ ግን ከማዶ ይቀበራሉ።

ለእኛ የተነገረን ቅድመ አያታችን ገበሬ ነበሩ ተብሎ ነው። አሁን ነገሩ ሁሉ ገባን። ልጃቸው፣ ማለትም አያታችን፣ መንደሩን ትተው ጨንቻ ከተማ ገቡ፤ ዘራቸውን የሚጠይቅ በሌለበት ሥራ ያዙ፤ ክርስትና ተነሡ፤ ሲሞቱም በቤተ ክርስቲያን ግቢ ተቀበሩ። ወደ አባታቸው መቃብር ልጆቻቸውን አንድ ቀን እንኳ አልወሰዱም። ቢወስዱ የት እንደሆነ ይታያላ! መቃብሩ የጠፋብን ተረስቶ ሳይሆን ተደብቆ ነው። አያታችንን በዚህ አንወቅሳቸውም። ልጆቻቸው እንዳይናቁ ብለው ያደረጉት ነው፤ ዋጋውም የአባታቸው መቃብር ሆነ።

እናቲቱ ባሳዩን መንገድ ወንዙን ተሻገርን። ቦታው ተዳፋት ነው። እንደ ትልቁ ዱፎ ደን የለበትም፤ ጥቂት ቁጥቋጦና አንድ ያረጀ ኮሶ አለ። በማዶው ካሉት ቤተሰቦች መካከል አንድ ባይራ አገኘን፤ ስሙን ስንጠራ ሳያመነታ ከኮሶው በላይ ያለውን ስፍራ አሳየን። የተናገርነው ነገር ስላልነበረ፣ እናቲቱና እሱ በየግላቸው የነገሩን አንድ ሆኖ በመገኘቱ አመንን። የአክስታችንም የዘመን ምልክት ከእሱ ቆጠራ ጋር ገጠመ። እኅታችን እዚያው ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከሞቱ ዘጠና ዓመት ለዘለቃቸው ሰው ማልቀስ ይገባል አይገባም የሚል ክርክር አላነሣንም። ከሰዎቹ ፈቃድ ጠይቀን ሁለት የጥድ ችግኝ ተከልንና ወረድን።

የመንደሩን ስም ያልጻፍነው ለዚህ ነው። እዚያ የሚኖሩ ሰዎች አሉ፤ የእነሱን ነገር የሚናገሩት እነሱ ናቸው እንጂ እኛ አይደለንም። የእኛን ግን እንናገራለን፤ የሸክላ ሠሪ ልጆች ነን።

ሰው በአፈ ታሪክ ማናና ደጋላ ከሌላ ዘር የመጡ ናቸው ሲል ይሰማል። በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ አንድ ጥናት አለ። ለባይራ በጣም ቅርብ ናቸው ያልናቸው አሪዎችም እንዲሁ በአራሽና በቀጥቃጭ የተከፈሉ ናቸው። ጥናቱ የሁለቱን የዘር ውርስ መርምሮ፣ አራሹም ቀጥቃጩም ከአንድ ምንጭ የወጡ መሆናቸውን፣ የሚታየውም ልዩነት ቀጥቃጮቹ ተገልለው እርስ በርሳቸው ብቻ ሲጋቡ በመኖራቸው የመጣ መሆኑን አሳይቷል። ጥናቱ ስለ አሪ ነው፤ ስለ ጋሞ እንዲህ ነው ብለን ከእሱ በላይ አንሄድም። ግን «ዘራቸው ሌላ ነው» የሚለው ወሬ ሁሉ ማስረጃ እንዳልሆነ ለማወቅ ይበቃል። በሕጉም ቢሆን የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ያለ መሬት የኖረው ሁሉ መሬት እንዲያገኝ ደንግጓል። መቃብር ግን ከአዋጅ ኋላ ኋላ ነው የሚከተለው። ቀደም ሲል የጠቀስናቸው ምሁራን ስሕተታቸውን አርመው እንዳሳተሙ፣ እኛም የቤተሰባችንን ታሪክ በዚህ ጽሑፍ አርመናል።

ወደ እድራችን እንመለስ። እድራችን ለኦርቶዶክሱም፣ ለፕሮቴስታንቱም፣ ለሙስሊሙም እኩል ይለቀሳል። ጡሩምባው ሲነፋ የማን ዘር ሞተ ብሎ የሚጠይቅ የለም። የአባታችንን አስከሬን የተሸከሙት ሰዎች ከየትኛው ወገን እንደሆኑ እኛ አናውቅም፤ ማወቅም አንፈልግም። በአያታችን ዘመን እንዲህ ያለ ማኅበር ጨንቻ ቢኖር ኖሮ ምናልባት አባታቸውን ባልደበቁ ነበር።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። በአባሎች መዝገብ ላይ ሦስት ዐምድ ይጨመር። አንደኛው አባሉ የተቀበረበት ቦታ፤ ሁለተኛው የእናትና የአባቱ፣ የሚያውቅ ከሆነም የአያቶቹ መቃብር የሚገኝበት ቦታ፤ ሦስተኛው ይህን መርቶ ሊያሳይ የሚችል ሰው ስም። ቦታው ደን ይሁን ተዳፋት፣ ቤተ ክርስቲያን ይሁን ዱፎ እኩል ይጻፍ። የዘር ጥያቄ የሚጠየቅበት ዐምድ ግን አይግባበት። መዝገቡ እንደ ደብሊኑ እንዳይሆን በሁለት ቅጂ ተጽፎ በሁለት ቤት ይቀመጥ። ሥራውም ዛሬ ነገ ሳይባል ይጀመር፤ መንገዱን ያሳዩን እናት ባለፈው ክረምት ዐርፈዋልና። አንድ ዓመት ዘግይተን ሄደን ቢሆን ኖሮ ይህ ጽሑፍ አይኖርም ነበር።

የቅጹን ናሙና አዘጋጅተን ለጸሐፊያችን አስረክበናል። በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ እንድትነጋገሩበት በአክብሮት እንጠይቃለን። እስከዚያው ድረስ በየቤታችሁ ያሉትን ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ጠይቁ፤ በተለይ አሮጊቶቹን።

ነፍስ ይማር።