ኢንዳክሽን ሞተር እንዴት እንደተገራ የሚናገር ዜና

እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1888፣ በወርኃ መጋቢት፣ ጋሊሌዮ ፌራሪስ የተባለ ኢጣልያዊ መምህር በቶሪኖ የሳይንስ አካዳሚ ፊት የሚሽከረከር መግነጢሳዊ መስክ እንዴት እንደሚፈጠር አስረዳ። በግንቦትም ኒኮላ ቴስላ በኒውዮርክ ለመሐንዲሶች በእንዲህ ያለ መስክ የሚዞረውን ሞተሩን ገለጠ። በቀጣዩ ዓመት ዶሊቮ ዶብሮቮልስኪ በበርሊን ባለ ሦስት ፌዙን ሠራ።

ይህም ሞተር ጽኑ ነበረ፤ ፍጥነቱን የሚወስነው ግን ባለቤቱ ሳይሆን ከኃይል ጣቢያ የሚመጣው ፍሪኩዌንሲ ነበረ። አራት ዋልታ ያለው ሞተር በ50 ኸርዝ ሲሠራ መስኩ በደቂቃ 1500 ጊዜ ይዞራል፤ የሚሽከረከረው ክፍል፣ ሮተሩ፣ ጥቂት ዘግይቶ 1450 ያህል ይዞራል። ያ መዘግየት ባይኖር በሮተሩ የኤሌክትሪክ ፍሰት አይፈጠርም፣ ጉልበትም አይገኝም።

የመጀመሪያው ጭንቅ ማስነሣቱ ሆነ። በሙሉ ቮልቴጅ የተነሣ ሞተር ከመደበኛው ስድስት ሰባት እጥፍ ፍሰት ይስባልና በዚያው መስመር ያለ መብራት ይደበዝዛል። ስለዚህ ስታር ዴልታ የሚባለው ዘዴ መጣ። ጥምጥሞቹ በስታር ተያይዘው ሞተሩ ይነሣል፤ ወደ ፍጥነቱ ሲቃረብ አንዱ ማገናኛ (ኮንታክተር) ይለቃል፣ ሌላው ጧ ብሎ ይይዛል፣ ግንኙነቱም ዴልታ ይሆናል። በስታር ሳለ ከመስመር የሚሳበው ፍሰት ሲሶ ነው፤ የማዞር ጉልበቱም ሲሶ ነውና ከባድ ሸክም ይዞ ለሚነሣ አይበጅም። ለእንዲህ ያለው ሮተሩ በሽቦ ተጠምጥሞ በቀለበትና በካርቦን ብሩሽ ከውጭ ሬዚስታንስ ጋር ተገናኘ። ፍጥነቱ ታዘዘ፤ የተቀነሰው ኃይል ግን ሙቀት ሆኖ ባከነ።

ሌላም መንገድ ተሞከረ፤ በ1902 ሃንጋሪያዊው ካልማን ካንዶ በኢጣልያ በቫልቴሊና መስመር ባቡር ሲያስነዳ፣ ሁለት ሞተሮችን አከታትሎ በማያያዝ ፍጥነቱን በግማሽ አወረደ።

እውነተኛው ልጓም የተገኘው ፍሪኩዌንሲው ራሱ በሰው እጅ ሲገባ ነው። በ1968 የዴንማርኩ ዳንፎስ ይህን የሚያደርግ መሣሪያ በብዛት ማምረት ጀመረ። መሣሪያው ተለዋዋጩን ፍሰት ቀጥተኛ ያደርገዋል፤ ከዚያም በፍጥነት እየቆራረጠ በተፈለገው ፍሪኩዌንሲ ዳግም ተለዋዋጭ ያደርገዋል። ፍሪኩዌንሲው ሲወርድ ቮልቴጁም አብሮ መውረድ አለበት፦ 400 ቮልት በ50 ኸርዝ የሚሠራ ሞተር በ25 ኸርዝ 200 ቮልት ያህል ይበቃዋል። ያለዚያ ብረቱ በመግነጢስ ይጠግባል፣ ጥምጥሙም ይግላል።

ይህ ሁሉ ግን ድንገተኛ ሸክም ሲመጣ ቶሎ አይመልስም ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሲመንስ የነበረው ፌሊክስ ብላሽከ የሞተሩን ፍሰት በስሌት ለሁለት ከፈለው፤ አንዱ መስኩን ይፈጥራል፣ ሁለተኛው ጉልበቱን ይሰጣል፣ እያንዳንዱም ለብቻው ይታዘዛል። ከሁሉም ግኝቶች ይህ ይበልጣል፤ በቀላሉ ይታዘዝ የነበረው የቀጥተኛ ፍሰት ሞተር ብልጫ በዚህ አበቃ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ጃፓናውያኑ ታካሃሺና ኖጉቺ፣ በጀርመንም ዴፐንብሮክ፣ መስኩንና ጉልበቱን በቀጥታ የሚያዙበትን ሌላ መንገድ አወጡ። በ1995 ኤቢቢ በዚህ መንገድ የሚሠራ መቆጣጠሪያ ለገበያ አቀረበ፤ በብዙ ሥራ ላይም የፍጥነት መለኪያ በሞተሩ ዘንግ ላይ መትከል ቀረ።