ፊልምን በትከሻ፦ ከኦስካር ሚሾ እስከ ኃይሌ ገሪማ

ስለ ፊልም ጥበብ የሚጻፉ የታሪክ መጻሕፍት በአብዛኛው ሐተታቸውን የሚያበዙት በድርሰቱ አወጣጥ፣ በተዋንያኑ ብቃትና በባለ ካሜራው ዐይን ላይ ሲሆን፣ ያ ሥራ ተጠናቅቆ በቆርቆሮ ሣጥን ከታሸገ በኋላ በማን ገንዘብ፣ በማን ደጅ፣ በምን ዓይነት ልመናና በምን ዓይነት ተጋድሎ ተመልካች ዘንድ እንደ ደረሰ የሚናገረው ክፍል ግን ከኅዳግ ማስታወሻ አልፎ ራሱን ችሎ የሚተረክበት ጊዜ ጥቂት ነው። እኔ ይህን የተናቀ ክፍል ነገረ ፊልምን ለመረዳት እንደ ዋነኛው በር አድርጌ እቈጥረዋለሁ። ማንም ሰው ያለውን ጥሪት አሰባስቦ፣ ወዳጆቹን አስተባብሮ፣ የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቅ ፊልም ሊሠራ ይችላል፤ ነጻ ፊልም ሠሪ የሚለው ስም በእውነት የሚጸናለት ግን ሥራውን ለሕዝብ የሚያደርስበትን መንገድ ጭምር የራሱ ባደረገ ጊዜ ነው። ለዚህ ምስክር አድርጌ የማቀርበው የአሜሪካን ጥቁር ሕዝብ የፊልም ታሪክ ነው፤ መንገዱ የተዘጋባቸውና በገዛ እጃቸው የጠረጉት ሰዎች እንደዚያ የበዙበት ሌላ ታሪክ አላውቅምና። በእነዚህም ሰዎች መካከል በፊተኛው ረድፍ ከቆሙት አንዱ የጎንደር ተወላጅ ስለ ሆኑ፣ ነገሩ ለእኛ የባዕድ ወሬ አይደለም። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ እኩሌታ የሆሊውድ ታላላቅ ኩባንያዎች ፊልም ሠሪም፣ አከፋፋይም፣ ባለ ሲኒማ ቤትም ሆነው ይኖሩ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1948 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፓራማውንት ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ ሲኒማ ቤቶቻቸውን ከእጃቸው እንዲለቁ ቢገደዱም፣ አከፋፋዩ ግን በሠሪውና በተመልካቹ መካከል እንደ ቆመ ቀረ። አሠራሩም እንዲህ ነው፦ ከቲኬት ከሚሰበሰበው ገንዘብ ባለ አዳራሹ አስቀድሞ ድርሻውን ያነሣል፤ ከተረፈው ላይ አከፋፋዩ የድካሙን ዋጋ በመቶኛ ይወስዳል፤ ቀጥሎም ለፊልሙ ቅጂዎችና ለማስታወቂያ አወጣሁት የሚለውን ሒሳብ ይቀንሳል፤ ከዚህ ሁሉ ወዲያ የሚቀር ካለ ለሠሪው ይደርሳል። ይህን ሥርዓት ባሰብኩ ቍጥር በጥንቱ የመሬት ሥሪት አርሶና አጭዶ ሲያበቃ የምርቱን መጠን ከባለ ርስቱ አፍ ይሰማ የነበረው ጭሰኛ ይታወሰኛል። በዚህ ላይ አከፋፋዩ «ይህ ሥራ ተመልካች የለውም» ያለ እንደ ሆነ፣ ፊልሙ ምንም ያህል ቢደከምበት በሣጥኑ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል፤ ስለ ጥቁር ሕዝብ ኑሮ የተሠሩት ፊልሞች ዕጣ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ይኸው ነበረ።

በዚህ መንገድ ቀዳሚ የሆነው ኦስካር ሚሾ በ1884 በኢሊኖይ ግዛት ሜትሮፖሊስ በምትባል ከተማ ተወለደ፤ አባቱ በባርነት የተወለደ ሰው ነበረ። በወጣትነቱ በባቡር የመኝታ ፉርጎዎች ውስጥ በአሳላፊነት እያገለገለ አገሩን ከዳር እስከ ዳር ካየ በኋላ፣ ያጠራቀማትን ገንዘብ ይዞ ወደ ደቡብ ዳኮታ ሄደና መሬት ገዝቶ በነጭ ገበሬዎች መካከል እርሻ ጀመረ። እርሻው በከሰረበት፣ ትዳሩም በፈረሰበት ጊዜ የሕይወቱን ታሪክ በልብ ወለድ መልክ ጽፎ በ1913 አሳተመና፣ መጽሐፉን በቦርሳ ይዞ ከደጅ ወደ ደጅ እየዞረ ለእነዚያው ገበሬዎች ይሸጥ ጀመር። የዚህ ሰው የኋላ ሥራ ሁሉ ምሥጢር በዚህ የመጽሐፍ አዟሪነቱ ውስጥ ይገኛል፤ ገዢውን በዐይኑ እያየ፣ እያግባባና እያሳመነ መሸጥን የተማረ ሰው ሥራውን ለአማላጅ አሳልፎ ለመስጠት አይፈቅድምና።

በ1918 ሊንከን የተባለው በጥቁሮች የተቋቋመ የፊልም ኩባንያ በ1917 የታተመውን «ዘ ሆምስቴደር» የተሰኘ ልብ ወለዱን ገዝቶ ፊልም ሊያደርገው በጠየቀው ጊዜ፣ ሚሾ «ራሴ ካላዘጋጀሁት አልሸጥም» በማለቱ ስምምነቱ ፈረሰ። ከዚያ ወዲያ ከዚህ በፊት መጽሐፉን ለገዙት ገበሬዎች አክሲዮን እየሸጠ ገንዘብ አሰባሰበና፣ በ1919 ያንኑ ታሪክ ረጅም ፊልም አድርጎ በቺካጎ አሳየ። አንድ ፊልም ሠርቶ እንዳበቃ ለሚቀጥለው ሥራ የሚዘጋጅበት ስልት እጅግ የሚደነቅ ነው፦ የተዋንያኑን ፎቶግራፎች በሣጥን ይዞ ጥቁሮች ወደሚያዘወትሯቸው ሲኒማ ቤቶች ይሄዳል፤ ገና ያልተሠራውን ፊልም ታሪክ በአንደበቱ እየተረከ ባለ አዳራሹን ያሳምናል፤ የሚታይበትን ቀን አስቈርጦ ቅድሚያ ገንዘብ ይቀበላል፤ በዚያም ገንዘብ ፊልሙን ይሠራል። የፊልሙ ቅጂዎች ጥቂት ስለ ነበሩ፣ አንዱ ከተማ አይቶ ሲያበቃ ያው ቅጂ ወደሚቀጥለው ከተማ በባቡር ይላካል።

በ1920 የወጣው «በደጆቻችን ውስጥ» የሚሰኘው ፊልሙ፣ ጥቁር ቤተ ሰብ ያለ ፍርድ በመንጋ ተይዞ ሲገደል በግልጽ ስለሚያሳይ፣ በቀደመው ዓመት በዘር ግጭት ብዙ ደም የፈሰሰባት ቺካጎ በሳንሱር ቦርዷ አማካይነት አስቀድማ ከልክላው ነበር። ሚሾ ግን አንዱ ከተማ ያስቈረጠውን ክፍል በሌላው ከተማ መልሶ እየቀጠለ፣ ክልከላውን እንኳ ለማስታወቂያ እየተጠቀመበት ፊልሙን አሳየ። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው ነገር አለ። ሥራው በትልቅ ኩባንያ እጅ ቢሆን ኖሮ አንድ የሳንሱር ደብዳቤ ለዘላለም ሊያስቀረው ይችል ነበር፤ ቅጂው በባለቤቱ እጅ ስለ ነበረ ግን ከተማ በዘጋበት ቍጥር ሌላ ከተማ ይፈልግ ነበር።

የዚህም ነጻነት ዋጋው ከባድ ነበረ። ሚሾ በ1928 ከሰረ፤ ድምፅ ያለው ፊልም በመጣ ጊዜ የነጭ ባለ ሀብቶችን ገንዘብ ለመቀበል ተገደደ፤ ከ40 በላይ ፊልሞች ሠርቶ በ1951 በሰሜን ካሮላይና ቻርሎት ከተማ በጉዞ ላይ ሳለ አረፈ። ከከተማ ወደ ከተማ በመመላለስ ያለቁት እነዚያ ጥቂት ቅጂዎች ተጠባቂ ስላልነበራቸው ከፊልሞቹ የሚበዙቱ ዛሬ የሉም። «በደጆቻችን ውስጥ» የተባለውም በስፔን አገር ከተገኘ አንድ ቅጂ ታድሶ በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ተጠናቅቆ የቀረበው በ1993 ነው። ሕዝብ ዘንድ ያደረሰው መንገድ ራሱ ሥራውን እንደ በላው ሳስብ እጅግ አዝናለሁ።

ከሚሾ በኋላ ሌሎችም ተነሥተዋል። ሜልቪን ቫን ፒብልስ የተባለው ጥቁር ፊልም ሠሪ በ1971 ያወጣውን ፊልም በዲትሮይትና በአትላንታ በሚገኙ ሁለት አዳራሾች ብቻ ጀምሮ፣ ሙዚቃውንም አስቀድሞ በሸክላ በማውጣት ተመልካች ሰበሰበ፤ ነጩ ጆን ካሳቬትስም በ1974 ያወጣውን ፊልም የሚቀበለው አከፋፋይ ቢያጣ፣ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ለባለ አዳራሾችና ለዩኒቨርሲቲዎች ስልክ እየደወለ አሳየው። የሚሾን ፈለግ በምልዓት የተከተሉት ግን፣ በእኔ ፍርድ፣ ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ናቸው።

ኃይሌ ገሪማ በ1946 በጎንደር ተወለዱ። አባታቸው አባ ገሪማ ታፈረ የአርበኞችን ተጋድሎ «ጎንደሬ በጋሻው» በተባለው መጽሐፍ ያቈዩልን ጸሐፊ ብቻ ሳይሆኑ፣ ቴአትር እየደረሱ በየገጠሩ እየዞሩ ያሳዩ የነበሩ ባለ ጥበብ ናቸው፤ ልጅየውም በዚያ ዙረት ውስጥ አደጉ። መድረክን ወደ ሕዝብ ወስዶ መትከል ማለት ምን እንደ ሆነ በሕፃንነታቸው ማየታቸው በኋለኛው ዘመን ሥራቸው ላይ ያደረገውን አስተዋጽኦ ማንም በቀላሉ ሊገምተው ይችላል። በ1960ዎቹ መጨረሻ ወደ አሜሪካ ተሻግረው በቺካጎ ቴአትር ካጠኑ በኋላ፣ በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ተማሩ፤ በዚያም ከቻርልስ በርኔት፣ ከጁሊ ዳሽና ከሌሎችም ወጣት ጥቁር ፊልም ሠሪዎች ጋር፣ የሆሊውድን ሥዕል ትተን የራሳችንን ሥዕል እንሥራ የሚል ትውልድ ሆኑ።

በዚያ ትምህርት ቤት አንዱ ለሌላው ካሜራ ይይዝ፣ ድምፅ ይቀዳ፣ መብራት ይሸከም ነበር፤ ገንዘብ ሳይኖር ፊልም የሚሠራበትም ምሥጢር ይኸው ነው። «ቡሽ ማማ» በተባለው የኃይሌ ፊልም መግቢያ ላይ ፖሊሶች የፊልሙን ሠራተኞች መንገድ ላይ አስቁመው ሲፈትሹ የሚታየው ክፍል ትወና አይደለም፤ በእውነት የደረሰባቸው ነው፤ አደጋውንም ከፊልሙ ውስጥ አስገቡት። በ1974 አገራችን በለውጥ ማዕበል በምትናወጥበት ወቅት ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው፣ በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ በጥቂት ሳምንታት ብቻ፣ ገበሬዎችን ራሳቸውን ተዋንያን አድርገው «ምርት ሦስት ሺ ዓመት»ን ቀረጹ። የአንድ ጭሰኛ ቤተ ሰብን መከራ የሚተርከው ይህ የ150 ደቂቃ ሥራ በ1976 ወጥቶ በአውሮፓ ተከበረ፤ ከ30 ዓመት በኋላም ታድሷል። ይሁን እንጂ በፌስቲቫል መከበርና ሕዝብ ፊት መቅረብ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሽልማት አዳራሽ አይከፍትም። ይህን የተረዱት ኃይሌ በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ እያስተማሩ፣ በ1982 የራሳቸውን የፊልም አከፋፋይ ድርጅት አቋቋሙ።

የዚህ ሁሉ ዝግጅት መፈተኛ የሆነው «ሳንኮፋ» ነው። በጋና በሚገኝ የባሪያ ንግድ ምሽግ ውስጥ ፎቶግራፍ ስትነሣ የነበረች ዘመናዊት ሴት ወደ ኋላ ዘመን ተመልሳ በአንድ የሸንኮራ እርሻ በባርነት ስትኖር የሚያሳየውን ይህን ፊልም ለመሥራት ገንዘቡን ማሰባሰብ ብቻ ዓመታት ፈጀ፤ የጋና፣ የቡርኪና ፋሶና የጀርመን ድርጅቶችም ተካፈሉበት። እ.ኤ.አ. በ1993 በበርሊን ፌስቲቫል ከታላላቅ ፊልሞች ጋር ለውድድር ቀረበ። ከዚያ ወደ አሜሪካ ሲመለስ ግን አንድም ታላቅ አከፋፋይ ሊቀበለው አልወደደም።

ኃይሌና ባለቤታቸው ወይዘሮ ሺሪኪያና አይና ያን ጊዜ የወሰዱት እርምጃ በተለይ ሊጻፍ የሚገባው ነው። በዋሽንግተን ከተማ ሲኒማ ቤት በተቈረጠ ዋጋ ተከራዩ። በዚህ ዓይነት ኪራይ ሰው ቢመጣም ባይመጣም ለባለ አዳራሹ የተቈረጠለት ይከፈለዋል፤ ከቲኬት የሚገኘው ገንዘብ ግን በሙሉ የተከራዩ ነው፤ እንግዲህ ኪሳራውም ትርፉም በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ይወድቃል። ለጋዜጣና ለቴሌቪዥን ማስታወቂያ የሚበቃ ገንዘብ ስላልነበራቸው ፊልሙን ያስተዋወቁት በሕዝቡ ማኅበራዊ ኑሮ ውስጥ ባሉት መንገዶች ነበር፤ ቄሶች በየቤተ ክርስቲያኑ ተናገሩለት፣ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ይዘው መጡ፣ የጥቁሮች ሬዲዮ ጣቢያዎች፣ መጻሕፍት ሻጮችና ጸጉር አስተካካዮች ወሬውን አዳረሱት። አዳራሹ ሞላ፤ ሕዝቡም ሲያበቃ ወደ ቤቱ ከመሄድ ይልቅ ቆሞ ይነጋገር ነበር። ከዋሽንግተን የተገኘው ገቢ ለሚቀጥለው ከተማ ኪራይ ሆነ፤ በየከተማውም ወሬውን የሰሙ ማኅበራት «ወደ እኛም አምጡልን» እያሉ ኮሚቴ አቋቁመው አዳራሽ ይፈልጉ፣ ገንዘብ ያዋጡ ነበር። በ1994 ፊልሙ በኒው ዮርክ ይታይ ነበር።

ሚሾ ባለ አዳራሹን በንግግር ያሳምን ነበር፤ ኃይሌና ባለቤታቸው ደግሞ ተመልካቹን ራሱን ባለ ጉዳይ አደረጉት። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው፤ ኮሚቴ ያቋቋመ፣ ገንዘብ ያዋጣ፣ ጎረቤቱን የጋበዘ ተመልካች ፊልሙን እንደ ራሱ ሥራ ይጠብቀዋልና። ከገቢው ፍሬ አንዱ በዋሽንግተን ከሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት በጆርጂያ አቬኑ የቆመው፣ በፊልሙ ስም የተጠራው የመጻሕፍትና የፊልም መደብር ነው፤ በዚህም ፊልሙ ከሲኒማ ቤት ከወጣ በኋላ እንኳ የሚሸጥበት የራሱ ቤት አገኘ።

መንገዱ ግን ዕድሜን ይበላል። ከ«ሳንኮፋ» «ጤዛ» እስከተባለው የኃይሌ ፊልም ድረስ 15 ዓመት አለፈ። «ጤዛ» በ2008 በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የድርሰትን ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉ ፌስቲቫል የየኔንጋ የወርቅ ፈረስ የተባለውን ሽልማት ወሰደ፤ ነገር ግን አንድ ሰው ደራሲም፣ አዘጋጅም፣ ገንዘብ ለማኝም፣ አከፋፋይም፣ ባለ መደብርም ሲሆን፣ ሊሠሩ ይችሉ የነበሩ ስንት ፊልሞች ሳይሠሩ እንደ ቀሩ ማሰብ ያሳዝናል። በአዲስ አበባም የቪዲዮ ካሜራ ከረከሰ ወዲህ የተነሡት የአማርኛ ፊልም ሠሪዎች ቤታቸውን አስይዘው እየተበደሩ፣ ፖስተር ራሳቸው እየለጠፉ፣ በመኪና ላይ በድምፅ ማጉያ እየጠሩ፣ ቲኬቱን ከአዳራሹ ጋር እየተካፈሉ ይህንኑ ቀንበር ተሸክመዋል። የእነርሱ ታሪክ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይሻል።

በአሜሪካ ደግሞ ይህን ሸክም ለብዙዎች ለማካፈል በ2010 አቫ ዱቨርኔ የተባለችው ፊልም ሠሪ በየከተማው ያሉትን የጥቁሮች የፊልም ፌስቲቫሎች በአንድ አስተባብራ፣ ታላላቆቹ አከፋፋዮች ያልፈለጓቸውን ፊልሞች በአንድ ቀን በልዩ ልዩ ከተሞች የምታሳይበትን ማኅበር አቋቋመች። በኋላ አሬይ የተባለው ይኸው ድርጅት በ2021 «ሳንኮፋ»ን አድሶ በኔትፍሊክስ አማካይነት ለዓለም አቀረበው። የፊልሙ መብት በ1993 ለማንም ስላልተሸጠ፣ ከ28 ዓመት በኋላ ለድርድር የተቀመጡት ኃይሌ ገሪማ የሥራቸው ባለቤት ሆነው ነበር።