ሞተርን ከአቧራ ማዳን

ባለመኪናው ደጃፉ ላይ ቆሞ የአየር ፊልትሮ በቀላሉ መቀየር የቻለው ወረቀት ማጣሪያ ከሆነ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1927 የተመረተው ፎርድ ሞዴል ቲ ከፋብሪካ ሲወጣ የአየር ማጣሪያ አልነበረውም፤ የገጠር መንገድ አቧራ በካርቡራተሩ በኩል ገብቶ፣ ከዘይት ጋር ተለውሶ ሲሊንደሩን እንደ ሞረድ ይበላው ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ እንግሊዞች በሰሜን አፍሪካ በረሃ ለሚበሩ ስፒትፋየር የጦር አውሮፕላኖች ቮክስ የተባለውን ትልቅ ማጣሪያ ገጠሙ። አውሮፕላኑን ፍጥነት ቢያሳጣውም የሞተሩን ዕድሜ አስቀደሙ።

በመኪና ላይ ለረጅም ጊዜ የሠራው ዘይት ያለበት ጣሳ ነው። በአገራችን መንገዶች ላይ በብዛት የታየችው ቮልስዋገን ቢትልም ለዓመታት ይህን ይዛ ተመርታለች፦ አየሩ ከጣሳው ግርጌ ካለው ዘይት ላይ ሲታጠፍ አቧራው እዚያው ይቀራል። እየታጠበ ስለሚያገለግል የሚጣል ወረቀት ብክነት ነው የሚሉ አሉ፤ እውነት አላቸው። ሆኖም ጣሳውን ማውለቅ፣ ጭቃ የሆነውን ዘይት መድፋት፣ አጥቦ እስከ ምልክቱ መሙላት እጅ የሚያቆሽሽ ሥራ ነውና ለነገ ለማለት ይመቻል፤ በተዘለለ ቁጥር የሚጎዳው ደግሞ ውዱ ሞተር ነው። እጥፍጥፉ ወረቀት ሲስፋፋ ሥራው ክዳን ከፍቶ አሮጌውን ማውጣትና አዲሱን ማስገባት ብቻ ሆነ። በእኔ ሚዛን ይህ ቅለት ከብክነቱ ይበልጣል። አዲሱን ስታስገቡ ግን የዙሪያውን ጎማ በጣታችሁ ዳስሱ፤ በክፍተት የሚገባ አቧራ ሳይጣራ ሞተሩ ውስጥ ይገባል።